አንደብቃቸው፣ አስታማሚውንም ብቻውን አንተው

ይህ ስለ መርሳት በሽታ በተዘጋጀ አንድ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልተገኙ ሰዎች ስለጠየቁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። የቆማችሁ ኑ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ በሽተኛችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ። ከቤት ለመውጣት ምን ያህል እንደምትቸገሩ አውቃለሁ። ስልካችሁን ደጋግማችሁ ብታዩ ማንም አይቀየማችሁም፣ ከተደወለላችሁም ተነስታችሁ ውጡ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከቤተሰባችሁ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ብዙ ነን። ከእናንተ ውስጥ ደግሞ ነገሩን ከቤት ውጭ ለማንም ያልተናገራችሁስ? አዎ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው። በሽታው ራሱ ከባድ ነው፣ እሱ ላይ መደበቅ ሲጨመርበት ደግሞ ሰው አይችለውም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ በሽታው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ከታመመው ሰው ጋር እንዴት እንኑር? ሦስተኛ፣ የሚያስታምመውን ሰው ማን ያስታምመው? ይሄ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ እኔ ግን አልዘለውም።

እናቴ የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። እናንተ ወረቀትና እስክሪብቶ እስክትፈልጉ እሷ በቃሏ አባዝታ መልሱን ትነግራችኋለች። ታዲያ መጀመሪያ ያየንባት ነገር መርሳት አልነበረም። ሱቅ ገብታ መልስ መቁጠር አቃታት። ቦርሳዋን ከፍታ ለሻጩ ትዘረጋለታለች፣ «አንተው ውሰድ» ትለዋለች። ያቺ ሴት! ከዚያ ከምታውቀው መንገድ መጥፋት ጀመረች። አንድ ጥያቄ ትጠይቅና መልሱን ሰምታ ሳትጨርስ መልሳ ትጠይቃለች። ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ፣ «ዕድሜ ነው፣ ተዉአት» አለ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ሰው እንዳያያት ከቤት ባትወጣ ይሻላል።» ታላቅ እህቴ ናት «እናቴ ሌባ አይደለችም፣ ለምን ትደበቃለች?» ብላ እጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች ዲሜንሽያ የሚሉት፣ ዕድሜ አይደለም። ደግሜ ልበለው፣ ዕድሜ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ብዙ አረጋውያን አእምሯቸው ሳይነካ ኖረው ያልፋሉ። ከ65 ዓመት በታች ያሉ ሰዎችም ይይዛቸዋል። አሎይስ አልዛይመር የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም መጀመሪያ የመዘገባት በሽተኛ፣ ኦገስት ዴተር፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። በ1906 ስትሞት ሐኪሙ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረው። በሴሎቹ መካከል የተጠራቀመ ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተቋጠሩ ክሮች አገኘ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል እኮ! በዓይን የታየ የአንጎል በሽታ ነው። እርግማን አይደለም፣ እብደት አይደለም፣ ማንም ያመጣባችሁ ነገር አይደለም።

ዲሜንሽያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፣ ብዙ በሽታዎች የሚያመጡት ችግር የጋራ መጠሪያ ነው። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ነው። ስትሮክና የደም ሥር ችግር የሚያመጣው አለ። ሌዊ ቦዲ የሚባለው ደግሞ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ሰውየው «እዚያ ጥግ ልጆች ቆመዋል» ይላችኋል። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል የሚያጠቃውም አለ። ይሄኛው ከማስታወስ በፊት ጠባይን ነው የሚቀይረው። ጨዋው ሰው ድንገት ሰው ፊት የማይባል ነገር ይናገራል፣ ገንዘብ ይበትናል፣ ለሚስቱ ሐዘን ደንታ ያጣል። ቤተሰቡ «ከፋብን» ይላል። ስንት ትዳር በዚህ እንደፈረሰ እግዜር ይወቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ነገር ከሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ነው፣ ሂፖካምፐስ ይሉታል። ስለዚህ የዛሬው ምሳ ሳይመዘገብ ይቀራል፣ የልጅነት ነገር ግን ቦታው ላይ አለ። እናቴ አሁን በልታ «ምሳ አልሰጣችሁኝም» ትላለች፣ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪዎቿን ስም ግን ከነአባታቸው ትጠራለች። ዘመድ ይሄን ያይና «አውቃ ነው! የምትፈልገውን ታስታውሳለች» ይላል። አውቃ አይደለም። በሽታው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ሐኪም ጋ ሂዱ። «መድኃኒት የለውም፣ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብዙ ያደርጋል! በመጀመሪያ ዲሜንሽያ የሚመስሉ ግን የሚታከሙ ነገሮች አሉ። የታይሮይድ እጥረት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ የአንዳንድ መድኃኒት ጠንቅ፣ ጆሮ አለመስማት፣ ወድቀው ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም። የማውቃቸው አንድ አባት ነበሩ። «ጃጁ» ተብለው ጓዳ ተኝተው ነበር። ልጃቸው ከሌላ ከተማ መጥታ አስመረመረቻቸው፣ ቢ12 ነው ተባለ። መርፌ ተሰጣቸው። ቀስ በቀስ ነቁ፣ ጋዜጣቸውን ማንበብ ጀመሩ። ሁሉም እንደሳቸው አይድንም፣ ግን ሳይመረመር በምን ይታወቃል?

ሌላም ልጨምር። መቃወሱ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ ያ ዲሜንሽያ ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የሽንት፣ የሳንባ። የውሃ ማነስ፣ ስትሮክም ሊሆን ይችላል። ነገ አትበሉ፣ የዛኑ ቀን ውሰዷቸው።

ስለ መድኃኒት የሚነገረው ነገር ብዙ ስለሆነ እውነቱን ልንገራችሁ። እንደ ዶኔፔዚልና ሜማንቲን ያሉት ምልክቱን ለጊዜው ያግዛሉ፣ በሽታውን አያቆሙትም። በቅርብ ዓመታት እንደ ሌካኔማብ ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ወጥተዋል። እነሱም አልዛይመር ገና ሲጀምር ለተደረሰበት ሰው ብቻ ናቸው፣ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ እንጂ አያድኑም፣ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያመጡ ስለሚችሉ ጥብቅ ክትትል ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ አድናለሁ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እባካችሁ።

መከላከሉን በአጭሩ ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ያወጣው ሪፖርት 14 ነገሮች ላይ ቢሠራ ከመቶው ወደ 45 የሚጠጋው ዲሜንሽያ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ አለመንቀሳቀስ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ብቸኝነት። ብዙዎቻችን የማንገምተው ጆሮን ነው። ጆሮው የከበደ ሰው ከጨዋታ ይወጣል፣ አንጎሉ ሥራ ይፈታል። በዓይን ችግርም እንዲሁ። እዚህ ያላችሁ ጎልማሶች ግፊታችሁን ተለኩ፣ ጆሯችሁን ታዩ። በቃ፣ ይሄን እዚህ ልተወው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ከታመመው ሰው ጋር እንዴት እንኑር?

መጀመሪያ የምለምናችሁ፣ ፈተናውን ተዉ። ታውቁታላችሁ፣ እንግዳ ገና በር ላይ ሆኖ «እስቲ እኔ ማን ነኝ? አወቅሽኝ?» ይላል። ሁሉም ዙሪያውን ተሰብስቦ መልሱን ይጠብቃል። እናቴ ፊቷ ላይ የሚታየውን ብታዩ! ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ የሆነ ነገር እንዳጠፋች ታውቃለች፣ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ስትፈትን የኖረች ሴት በቤቷ ትወድቃለች። ለምን? ስትገቡ ስማችሁን ንገሯት። «እኔ የወንድምሽ ልጅ ነኝ፣ ልጠይቅሽ መጣሁ።» በቃ ይኸው ነው።

ቀጥሎ፣ አትከራከሩ። እናቴ አመሻሽ ላይ እናቷን ትጠራለች። አያቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። «ሞታለች እኮ!» ብትሏት ለእሷ አዲስ መርዶ ነው፣ አሁን እንደሰማች ሆና ታለቅሳለች፣ ነገም እንደዚያው። እህቴ ምን ታደርጋለች? አጠገቧ ቁጭ ትልና «ናፈቀችሽ? እስቲ ስለ እሷ አጫውቺኝ» ትላታለች። ከዚያ ወሬው ይመጣል፣ ሳቁም ይመጣል። ውሸት አልዋሸቻትም። ልቧ የፈለገውን ነው የሰጠቻት። «ቤቴ ውሰዱኝ» ስትልም እንዲሁ ነው። ቤቷ ውስጥ ሆና ቤቴ ውሰዱኝ የምትለው ፈርታ ነው፣ ወይም ደክሟት፣ ወይም ሽንት ቤት ፈልጋ።

ይሄንን ያዙልኝ፣ በዚህ በሽታ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚመጣ ቁጣ ጥቂት ነው። ሰውየው «ጥርሴን አመመኝ» ማለት አይችልም፣ ስለዚህ ሳህኑን ይወረውራል። ጠምቶት ይሆናል። ሆዱ ደርቆ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ጮሆበት ይሆናል። ከመቆጣታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። እናቴ አንድ ሰሞን ከመኝታ ቤት አልወጣም አለች። በሩ ጋ ትደርሳለች፣ ታች ታያለች፣ ደንግጣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ስንጎትታት ትጮኻለች። ቤታችን ትመጣ የነበረች ነርስ በሩ ላይ የተነጠፈችውን ጥቁር ምንጣፍ አይታ «እቺን አንሷት» አለችን። ለእናቴ ምንጣፍ አልነበረችም፣ ጉድጓድ ነበረች። በሽታው ዓይን ያየውን አንጎል የሚረዳበትንም መንገድ ያዛባል። ምንጣፏን ጠቅልለን አነሳናት፣ እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ሄዳ ሳሎን ተቀመጠች። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ወለሉን እዩ፣ መስታወቱንም እዩ። አንዳንዱ የራሱን ፊት አያውቀውም፣ ባዕድ ሰው ቤት የገባ መስሎት ይፈራል።

ስታናግሯቸው ከፊት ሁኑ፣ ዝቅ ብላችሁ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ከዚያ ጠብቁ። መልሱ ይመጣል፣ ይዘገያል እንጂ። ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለው «ምንም አይገባትም» እያላችሁ በላያቸው አታውሩ። ቃሉ ባይገባቸው እንኳ ድምፃችሁና ፊታችሁ ይገባቸዋል።

ሥራም አትንፈጓቸው። እህቴ የድሮ የሂሳብ ደብተሮች ከየቦታው ሰበሰበች፣ የእኛንም የጎረቤት ልጆችንም። ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥላታለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ታርማለች። ገጽ በገጽ፣ ራይት፣ ራይት፣ ኤክስ። አንዳንዴ ትክክለኛው ላይ ኤክስ ታደርጋለች፣ ማን ይጠይቃታል? ከታች «ጎበዝ» ብላ ትጽፋለች። የእጅ ጽሑፏ እንደ ድሮው ነው። በእነዚያ ሰዓታት ሰላም ናት፣ እህቴም ልብስ ታጥባለች። የእናንተስ በሽተኛ ምን ነበር የሚወደው? ሹራብ መሥራት? መዝሙር? ችግኝ ማጠጣት? እሱን አምጡለት።

አሁን አንድ መራራ ነገር ልናገር ነው። የሚታሰሩ አሉ። በር ተቆልፎባቸው ብቻቸውን የሚውሉ አሉ። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አቅቶት ነው፣ ማንም ስላልደረሰለት ነው። ቢሆንም ሰው አይታሰርም። የታሰረ ሰው የበለጠ ይፈራል፣ ሲታገል ይጎዳል። ይጠፋሉ ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ፍርሃታችሁ ልክ ነው፣ መፍትሔው ግን ገመድ አይደለም። ስምና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የእጅ አምባር አድርጉላቸው። በቅርብ ጊዜ የተነሱትን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ማብሰያውን የምትዘጉበት ዘዴ ይኑራችሁ፣ መድኃኒቱ ይቆለፍ። ከሁሉም በላይ ለሰፈሩ ሰው ንገሩ!

እህቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ለባለ ሱቁ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለጥበቃው። «እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት፣ ብቻዋን ካያችኋት ደውሉልኝ።» አንድ ቀን እናቴ በሌሊት ልብሷ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ አያት። አልጮኸባትም፣ «ወዴት ነው?» አላላትም። «መምህርት፣ እንኳን መጡ፣ ተራዎት እስኪደርስ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር ሰጣት። እህቴ ስትደርስ እናቴ መጽሔት እያገላበጠች ነበር። ደብቀናት ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ምን ብሎ ያውቅ ነበር? የማያውቅ ሰው ሰካራም ነው ይላል፣ እብድ ነው ይላል፣ ፊቱን አዙሮ ያልፋል።

ስለ ገንዘብና ስለ ውክልናም በጊዜ ተነጋገሩ። ሰውየው ገና ሐሳቡን መግለጽ በሚችልበት ጊዜ እሱን ራሱን ጠይቁት። ማን እንዲወስንለት ይፈልጋል? የት መኖር ይፈልጋል? ኋላ ልጆች የሚጣሉት ይሄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። አስታማሚው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዲሜንሽያ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 57 ሚሊዮን ደርሰው ነበር፣ በየዓመቱ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ሰው ይጨመራል። ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያስታምማቸው ማነው? ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ምራት። ያው ድርጅት ቤተሰብና ወዳጅ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ለዚህ እንደሚያውል ይናገራል። ከማስታመሚያው ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። 70 በመቶ! ወንድሞቼ፣ ይሄን ስሙ።

እህቴን ብታዩዋት! ሌሊት ሦስቴ አራቴ ትነሳለች፣ እናቴ ቀንና ሌሊቱ ተዘባርቆባታል። ወገቧን ያማታል፣ ማንሳቱ፣ ማጠቡ፣ ልብስ መቀየሩ። ሥራዋን ለቀቀች። ጓደኞቿ መጀመሪያ ይደውሉ ነበር፣ ኋላ ጠፉ። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ይላታል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ማን ነው?

ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ አለ። አንድ ሰዓት ይቀመጣል። የታመመ ሰው እንግዳ ፊት ራሱን አሰባስቦ፣ አምሮበት፣ «ደህና ነኝ፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው?» ሊል ይችላል። ለዚያች አንድ ሰዓት ያለ አቅሙን ያወጣል። ዘመዱ «ኧረ ደህና ናት እኮ! እናንተ ናችሁ የምታጋንኑት» ብሎ ይሄዳል። እህቴ እንደዚያ ዕለት አዝና አታውቅም። እባካችሁ ሌሊቱን ያላደረ ሰው አይፍረድ። ምክርም በስልክ አይላክ፣ ከተቻለ ገንዘብ ይላክ፣ ከዚህም ከተቻለ ራሳችሁ ኑ።

እንዴት እንርዳ ካላችሁ፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አትበሏት። አትነግራችሁም። የደከመ ሰው የሚያስፈልገውን ለማሰብ እንኳ አቅም የለውም። «ቅዳሜ ከሰዓት እኔ አለሁ፣ አንቺ ውጪ» በሏት። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ተገኙ። አንዱ ያጥብ፣ አንዱ መድኃኒት ያምጣ፣ አንዱ ሌሊቱን ይደር። እኛ ልጆቹ ተሰብስበን የተራ ወረቀት አውጥተን ፍሪጅ በር ላይ ለጠፍን። ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ተጽፏል። ጭቅጭቅ ነበረበት፣ አልዋሽም፣ ግን እህቴ በተራችን ቀን ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ቻለች።

አሁን እናንተ አስታማሚዎች፣ ወደ እኔ እዩ። ትቆጣላችሁ፣ አውቃለሁ። አንዱን ጥያቄ ለሃያኛ ጊዜ ስትሰሙ ደማችሁ ይፈላል። ይሄ ክፉ ልጅ አያደርጋችሁም፣ ክፉ ሚስት አያደርጋችሁም። እጃችሁ ሊነሳ እንደሆነ ከተሰማችሁ በሽተኛው የማይጎዳበት ቦታ መሆኑን አይታችሁ ከክፍሉ ውጡ፣ ለአንድ ሰው ደውሉ። ዛሬውኑ ያን ሰው ምረጡ፣ «በማንኛውም ሰዓት ልደውልልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይሄ ነገር ማለቂያው መቼ ነው?» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎባችሁ ደንግጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙ አስታማሚ ያስበዋል፣ ማንም አይናገረውም። ሰውየው በሕይወት እያለ ሐዘን መቀመጥ ነው ያላችሁት፣ ማንም ሊያስተዛዝናችሁ አይመጣም፣ ምክንያቱም ሞት የለም። እኛ ግን እዚህ ያለን እናውቃለን። መታመም ሲጀምራችሁም ለራሳችሁ ሐኪም ሂዱ። አስታማሚ ላይ ድብርት ብዙ ነው፣ ይታከማል። አቅታችሁ ወደ እንክብካቤ ማዕከል የወሰዳችሁም ካላችሁ፣ ጥላችኋቸው አይደለም። እየሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ እጃቸውን ያዙ።

ሰዓቴን አልፌያለሁ፣ ይቅርታ። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። ነርሷ እዚህ ከፊት ናት፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ እሷን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የአስታማሚዎች ክበብ እንመሠርታለን፣ መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ። በሽተኛችሁን የሚጠብቅላችሁ ሰው ካጣችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የተወሰንን ሰዎች አጠገባቸው ለመቀመጥ ተነጋግረናል። ቢጮኹም፣ አንዱን ነገር ደጋግመው ቢጠይቁም፣ መሃል ተነስተው ቢሄዱም ምንም አይደለም። የራሳችሁ በሽተኛ የሌላችሁም ብትሆኑ ተመዝገቡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የሚፈልጉ ቤቶች አሉ።

ስለሰማችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። እሺ፣ እዚያ ጋ እጃቸውን ያወጡት አባት፣ ይጠይቁ።